የቤተሰብ ጤና፦ እርጎው፥ ክኒኑና የሰነበተው ደም

ባለፈው ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ሦስት ጊዜ አነበብነው። የጻፉልን እናት ስማቸው እንዳይወጣ ስለ ለመኑን አንጠቅሰውም፤ ነገሩ ግን የብዙ ቤት ነገር ስለሆነ በእርሳቸው ፈቃድ እነሆ ለሁላችሁም እናቀርበዋለን።

የእኒህ እናት ባለቤት ዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት ዓመት ነው። ከመንፈቅ ወዲህ በዓይነ ምድራቸው ላይ ደም ይታያል፤ አንዳንድ ቀን ሆዳቸው ይደርቃል፥ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይላላል። እርሳቸው ግን «ኪንታሮት ነው፤ አባቴም ነበረበት» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። በውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው ይህን በስልክ በሰማ ጊዜ ተጨንቆ ሁለት ጠርሙስ ክኒን በሰው እጅ ላከላቸው። በጠርሙሱ ላይ «ፕሮባዮቲክ» የሚል ቃል አለበት፤ ልጁም ክኒኑ የአንጀትን ነቀርሳ ይከለክላል ሲባል መስማቱን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ አባት ጠዋት ጠዋት ክኒኑን፥ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሙሉ ብርጭቆ እርጎ ይወስዳሉ፤ ልባቸውም ዐርፏል። የእናት ልብ ግን አላረፈም። የሚጠይቁንም ይህን ነው፤ እርጎውና ክኒኑ እውነት ነቀርሳን ይከለክላሉን? እርጎ በጾም የማይበላ ከሆነ ጾሙ ጤናን ይጎዳልን? ክኒኑስ በጾም ይወሰዳልን?

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ለእኒህ እናት አንድ ቃል አስቀድመን ልንናገር ይገባናል። ይህ መጽሔት እጅዎ በገባበት ሳምንት ባለቤትዎን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ቢያነቡት ይደርሳል። ይህንኑ ቃል መጽሔቱ እስኪታተም ሳንጠብቅ በደብዳቤ ልከንላቸዋል።

አሁን ለሁላችሁም ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። በዚህ ጽሑፍ ነቀርሳ የምንለው ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር የሚለውን ደዌ ነው እንጂ ቲቢ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ አይደለም። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፕሮባዮቲክ የሚለው ቃል ለጆሯችን አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ የቆየ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ሊቃውንት በ2001 በሰጡት ፍቺ መሠረት፥ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለሚወስዳቸው ሰው ጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያዋን ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። እንግዲህ ተሐዋስያኑ በሕይወት መኖር አለባቸው፤ መጠናቸው በቂ መሆን አለበት፤ ጥቅማቸውም የተረጋገጠ መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ ስሙ በጠርሙሱ ላይ ቢጻፍም ነገሩ በውስጡ የለም።

የሰው አንጀት ባዶ ቱቦ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚገምቱት በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ይህም ከራሳችን ሕዋሳት ቍጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። ከእነርሱም የሚበዙት ማደሪያቸው ትልቁ አንጀት ነው። አብዛኞቹ መልካም ጐረቤቶች ናቸው፤ እኛ ልንፈጨው ያልቻልነውን የእህልና የአታክልት ክፍል እነርሱ ያብላሉታል። በመካከላቸው ግን ተንኰለኞች አይጠፉም፤ ፉሶባክቴሪየም የተባለው በአንጀት ነቀርሳ ዕጢ ውስጥ በብዛት መገኘቱ ከ2012 ወዲህ ታውቋል።

እነዚህን ጐረቤቶች በእርጎ ማሻሻል ይቻላል ብለው አስቀድመው ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው። በ1845 የተወለደው ይህ ሰው ከትውልድ አገሩ ወደ ፓሪስ ሄዶ በፓስተር ተቋም ይሠራ ነበር፤ ሰውነት በሽታን ስለሚመክትበት ኃይል ባደረገው ምርምርም በ1908 ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በእርሱ አሳብ ሰውን የሚያስረጀው በትልቁ አንጀት ውስጥ ከሚበሰብሰው ምግብ የሚወጣው መርዝ ነው፤ የቡልጋርያ ገበሬዎች ዕድሜያቸው የሚረዝመውም የረጋ ወተት ስለሚጠጡ ነው። ራሱም ዘወትር ይጠጣ ነበር። በ1916 በ71 ዓመቱ ሞተ። ለዚያ ዘመን አጭር ዕድሜ አይደለም፤ ለቡልጋርያ ገበሬዎች ሲነገርላቸው ከነበረው ከመቶ ዓመት ግን በብዙ ያንሳል። የእርጎ ነጋዴዎች ይህን ሳያዩ በስሙ ብዙ ሸጡ፤ እስከ ዛሬም እየሸጡ ነው።

የእኛ እናቶች የፓስተርን ተቋም ሳያውቁ ይህን ጥበብ ያውቁታል። ቅሉን በወይራ ጭስ ያጥኑታል፤ ወተቱን ጨምረው፥ ከድነው ያስቀምጡታል፤ ውሎ አድሮ ይረጋል። የሚያረጋውም በዕቃውና በወተቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው፤ በወተቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጠዋል፥ የእርጎ ጣዕምም ከዚህ ይመጣል። እርጎ መልካም ምግብ ነው። ይሁን እንጂ ያልተፈላ ወተት ቲቢንና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ደዌ ከከብት ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ስለሚችል፥ ወተቱን አስቀድሞ ማፍላት፥ ለብ ሲልም ከተፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ይሻላል።

እንጀራስ? የጤፉ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ በሕያዋን ተሐዋስያን የተሞላ ነው፤ ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን በእሳቱ ይሞታሉ። ስለዚህ በፍቺው መሠረት እንጀራ ፕሮባዮቲክ ሊባል አይችልም። ይህን ስንል እንጀራን ማቃለላችን አይደለም፤ ጥቅሙ በሌላ በኩል ስለሆነ ነው፤ ወደ እርሱም እንደርሳለን።

የትልቁ አንጀት ነቀርሳ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንጀቱ የውስጥ ገጽ ላይ በምትበቅል ፖሊፕ በምትባል ትንሽ የሥጋ ጕጥ ነው። ጕጧ አታምም፤ አብዛኞቹም ነቀርሳ ሳይሆኑ ይቀራሉ። አንዳንዷ ግን ቀስ በቀስ እየተለወጠች፥ ዐሥር ዓመት ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ወስዳ ነቀርሳ ትሆናለች። ይህ ረጅም ጊዜ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው ብንል አናፍርም፤ ጕጧን ፈልጎ ለማውጣት ፋታ ይሰጣልና። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንደ ገመተው፥ በ2022 በመላው ዓለም 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ነቀርሳ ተይዘዋል፤ 900 ሺህ ያህል ሰዎችም ሞተውበታል። ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም፤ ነገር ግን በ2011 ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው፥ በከተማችን ወንዶች ላይ በብዛት ከሚገኙት ነቀርሳዎች አንዱ ይኸው ነው።

እንግዲህ እርጎና ክኒን ይህን ይከለክላሉን? በኢጣልያ 45,241 ሰዎችን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጽሑፍ፥ እርጎ በብዛት የሚበሉት ሰዎች በዚህ ነቀርሳ የሚያዙት ባነሰ ቍጥር መሆኑን ገለጹ። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን እርጎ የሚወድ ሰው ምናልባት ሲጋራ የማያጨስ፥ በእግሩ መሄድ የሚወድ፥ ሥጋ የማያበዛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ ይህን ሁሉ ለማመዛዘን ቢደክሙም አንዱን ከሌላው ፈጽሞ መለየት አይቻልም። ከዚህ የሚጠነክረው ፈተና ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ወገን ባክቴሪያውን መስጠት፥ ለሌላው አለመስጠት ነው።

ይህንንም ጃፓናውያን አድርገውታል። በ2005 በታተመው ሥራቸው፥ ከዚያ በፊት ከአንጀታቸው ዕጢ የወጣላቸውን 398 ሰዎች በዕጣ ከፍለው ለአራት ዓመት ተከታተሉ። ላክቶባሲለስ ካዜይ የተባለውን ባክቴሪያ የወሰዱት ሰዎች አዲስ ዕጢ በማብቀል ካልወሰዱት እምብዛም አልተለዩም፤ ሆኖም ወደ ነቀርሳ የሚያዘነብል መልክ ያለው ዕጢ በእነርሱ ላይ አንሶ ተገኘ። በዚያው ፈተና የስንዴ ፉርሽካ የተሰጣቸው ሰዎች ምንም አልተጠቀሙም። ይህ ሥራ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን አራት ዓመትና አራት መቶ የማይሞሉ ሰዎች ለፍርድ አይበቁም።

ደግሞም የሚዋጠው ባክቴሪያ ሁሉ በአንጀት አይሰፍርም። በእስራኤል አገር በቫይዝማን ተቋም የሚሠሩ ሊቃውንት በ2018 እንዳሳዩት፥ የተዋጠው ባክቴሪያ በአንዳንዱ ሰው አንጀት ጥቂት ይቀመጣል፥ በሌላው ግን እንደ መንገደኛ አልፎ ይሄዳል። ይልቁንም አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ፕሮባዮቲክ የዋጡት ሰዎች የቀድሞዎቹ የራሳቸው ባክቴሪያዎች ወደ ቦታቸው ለመመለስ ዘገዩባቸው። ጕዳትም የታየበት ጊዜ አለ። በሆላንድ በጽኑ የቆሽት ብግነት የታመሙ 298 ሰዎችን ይዘው የተደረገ ፈተና በ2008 ሲታተም፥ ባክቴሪያ ከተሰጣቸው ከመቶ 16 ሲሞቱ፥ ካልተሰጣቸው የሞቱት ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ይህ ጤነኛ ሰው እርጎ አይጠጣ ማለት አይደለም። ሰውነቱ በጽኑ ሕመም ለደከመ፥ ወይም በነቀርሳ መድኃኒት ምክንያት በሽታን የመመከት ኃይሉ ላነሰ ሰው ግን ክኒኑ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይሰጥ ያስተምረናል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ፕሮባዮቲክ ክኒን የአንጀትን ነቀርሳ ለመከልከሉ እስከ ዛሬ በቂ ማስረጃ የለም። ክኒኑ ለአንዳንድ ነገር፥ ለምሳሌ አንቲባዮቲክ ለሚያመጣው ተቅማጥ፥ አንዳንዱ ዓይነት ሊረዳ ይችል ይሆናል፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው። የበቀለውን ነቀርሳ የሚያጠፋ እርጎም ክኒንም የለም።

ታዲያ በአንጀታችን ያሉትን መልካም ጐረቤቶች የምንረዳበት መንገድ የለምን? አለ፤ እርሱም በየቀኑ አዲስ እንግዳ ከመላክ ይልቅ በቤት ያሉትን መመገብ ነው። ምግባቸውም አሰር፥ ፈረንጆች ፋይበር የሚሉት፥ በጥራጥሬ፥ በእህል ቅርፊት፥ በጎመንና በፍራፍሬ የሚገኘው የማይፈጭ ክፍል ነው። ባክቴሪያዎቹ አሰሩን ሲያብላሉት ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጣሉ፤ የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሸፈኑት ሕዋሳት በዋናነት የሚመገቡት ይህን ነው፤ ብግነትንም ያበርዳል።

ስለ አሰር ብዙ ከደከሙት አንዱ አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ነበሩ። በዩጋንዳ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ፥ በአውሮፓ ሆስፒታሎች በየጊዜው የሚታየው የአንጀት ነቀርሳ በአፍሪካ ገጠር ሰው ላይ እምብዛም አለመታየቱን አስተዋሉ፤ በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍም ምክንያቱ የምግቡ አሰር ነው ብለው ተከራከሩ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች እንደ ቀልድ አድርገው አዩት። በኋላ በ2011 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ፥ አንድ ሰው በቀን በሚበላው አሰር ላይ ዐሥር ግራም ሲጨምር በዚህ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ዐሥር ያህል እንደሚቀንስ ገለጸ።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን በ2015 የታተመው ሥራ ነው። ተመራማሪዎች ሃያ ጥቁር አሜሪካውያንንና ሃያ የደቡብ አፍሪካ የገጠር ሰዎችን መርጠው ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን አለዋወጡ። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን፥ ስቡ ያነሰውን የገጠር ምግብ በሉ፤ የገጠሮቹም ሥጋና ስብ የበዛበትን የአሜሪካኖቹን ምግብ በሉ። ሁለት ሳምንት ምን ያህል ጊዜ ነው? ከጾመ ፍልሰታ አይበልጥም። በዚያች አጭር ጊዜ ግን በአሜሪካውያኑ አንጀት ውስጥ ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፥ ብግነቱ ቀነሰ፥ ከነቀርሳ ጋር የሚያያዙት ምልክቶችም ወደ መልካም አዘነበሉ። በደቡብ አፍሪካውያኑ ላይ ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። ሁለት ሳምንት ነቀርሳ የሚበቅልበትም የሚጠፋበትም ጊዜ ስላይደለ ይህ ፍጹም ማስረጃ አይባልም። የስንዴ ፉርሽካ ለብቻው በጃፓን አለመጥቀሙን አንሰውርም። በእኛ ግምት የሚጠቅመው በምግብ ላይ የሚነሰነስ ፉርሽካ ሳይሆን ሰው ዕድሜውን ሁሉ የሚበላው ማዕድ ነው።

ይህም ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያደርሰናል። እርጎ በጾም ስለሚቀር ጾሙ አንጀትን ይጎዳል ብለው የሚሠጉ እናቶች ሥጋቱን ይተዉት። ከእርጎ የሚገባው ባክቴሪያ መንገደኛ መሆኑን አይተናል፤ በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ቢቀር ቤቱ አይፈርስም። በእነዚያ ቀናት በገበታችን ላይ የሚቀርበው ግን ሽሮ፥ ምስር፥ የአተር ክክ፥ ጎመን፥ ተልባና ሱፍ ነው፤ መክሰሱም የገብስና የሽምብራ ቆሎ ነው። አንድ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር ስምንት ግራም ያህል አሰር አለው። ጤፍ ደግሞ ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ቅርፊቱን መለየት አይቻልምና ከነቅርፊቱ ይፈጫል። የእንጀራ ጥቅም ከዚህ ላይ ነው፤ በምጣዱ ላይ የሞተው ባክቴሪያ ቢቀርም፥ በአንጀት የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ከእንጀራው ምግባቸውን ያገኛሉ። አባቶቻችን ጾምን የሠሩት ለነፍስ እንጂ ለአንጀት አይደለም፤ ሥርዐቱን በሕክምና ልናስመሰክርለት አንሻም። ነገር ግን በዓመት 180 ቀን ያህል የሚጾም ቤተሰብ ሐኪሞች ዛሬ የሚመክሩትን ማዕድ ሳያውቀው ሲበላ መኖሩን መናገር ውሸት አይሆንም።

ይህን የምንለው ስለ አሮጌው የጾም ማዕድ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ጾም ማለት ነጭ ዳቦ በማርማላታ፥ በዘይት የተጠበሰ ድንች፥ «የጾም ኬክ» እና ለስላሳ መጠጥ ሆኗል። ይህ ሥጋና ወተት የሌለበት ነው እንጂ አሰር ያለበት አይደለም። በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ጤፍ ሲወደድባቸው ወይም ሲጠፋባቸው እንጀራውን በነጭ የስንዴ ዱቄት ይጋግሩታል፤ ችግራቸውን እንረዳለን፤ ሆኖም ገብስ ወይም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ቢቀላቅሉበት ይሻላል። የፍስኩ ነገር ደግሞ አለ። በ2015 ያው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንደ ቋሊማ ያለውን በጨውና በጭስ የተዘጋጀ ሥጋ ነቀርሳ ከሚያመጡት ነገሮች ጋር መደበው፤ የበሬና የበግ ሥጋንም ሳይቀር ምናልባት ያመጣል አለ። አልኮልም፥ ሲጋራም፥ ውፍረትም፥ ቀን ሙሉ ተቀምጦ መዋልም እንዲሁ ናቸው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ በፋሲካ ሳምንት በጥሬ ሥጋና በአረቄ የሚካካስ ሰው በየዓመቱ ያጋጥመናል፤ ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

አሁን ወደ ደሙ እንመለስ፤ በደብዳቤው ውስጥ ያሳሰበን ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነውና። በፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። ብዙ ጊዜ በእርግጥ ኪንታሮት ነው። ችግሩ ግን የኪንታሮት ደምና የነቀርሳ ደም በዓይን ብቻ አይለዩም፤ ኪንታሮት ያለበት ሰውም በዚያው ጊዜ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል። ሐኪም ሳያየው «ኪንታሮት ነው» ማለት ግምት ነው። ከደሙ ጋር የአንጀት ልማድ ለሳምንታት ከተለወጠ፥ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፥ ከተጸዳዱ በኋላ ያልጨረሱ ያህል የሚሰማ ከሆነ፥ ወይም አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው የደም ማነስ ከተገኘበት፥ ቀጠሮ ለነገ አይባልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምናውቃቸው አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁለት ዓመት ያህል ደም እያዩ ለማንም አልተናገሩም። በኋላም ኪንታሮት እነቅላለሁ ወደሚል አንድ የመድኃኒት አዋቂ ሄደው፥ የሚያቃጥል ቅባት ተቀብተው፥ ወራት አለፉ። ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ፊታቸው መገርጣቱን ደቀ መዛሙርቱ ቢያዩም ከጾሙ ነው ብለው አሰቡ። ሆስፒታል በደረሱ ጊዜ ደዌው ጉበት ደርሶ ነበር። ስንጠይቃቸው «አፍሬ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አልሰጡንም። በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። በአሜሪካ የተያዘው መዝገብ እንደሚያሳየው፥ ነቀርሳው ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች ከመቶ ዘጠናው ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተዛመተ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ከመቶ ዐሥራ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ኀፍረቱ ያስከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል? ጠይቆ፥ ሆድን ዳስሶ፥ ፊንጢጣን በጣት ይመረምራል፤ ይህ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ደሙንም ያስመረምራል። ከዚያ ኮሎኖስኮፒ የሚባለውን ምርመራ ያዝዛል። በዋዜማው አንጀትን የሚያጥብ መጠጥ ይጠጣል፤ እውነቱን ለመናገር ከምርመራው ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ መጠጥ ነው። በማግሥቱ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጥቶ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ፖሊፕ ከተገኘች በዚያው ጊዜ ተቈርጣ ትወጣለች። ነቀርሳን መከልከል ማለት በእውነት ይህ ነው። ምርመራው በአዲስ አበባና በአንዳንድ ታላላቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ይገኛል። ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ደግሞ በዓይን የማይታየውን ደም የሚፈልግ ርካሽ የዓይነ ምድር ምርመራ አለ፤ በአሜሪካ ከ2021 ወዲህ ከ45 ዓመት ጀምሮ ሰው ሁሉ በአንዱ መንገድ እንዲመረመር ይመከራል። ደሙ በዓይን ለሚታይ ሰው ግን ይህ ርካሽ ምርመራ አይበቃውም።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን ጠበል እየተጠመቅን ሐኪም ማየት እምነት ማጕደል አይሆንብንም ወይ ብለው ይጠይቁናል። አይሆንም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር ይናገራል። አቡነ ጳውሎስም በዘመነ ፕትርክናቸው ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት እንዲወስዱ መክረው ነበር።

የቀረው የክኒኑ ነገር ነው። አንዳንዱ ፕሮባዮቲክ ከወተት በተገኘ ነገር የተሠራ ወይም የተቀላቀለ ስለሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያሻል፤ ቋንቋው ካልገባዎ የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ይጠይቁ። ሐኪም ለሕመም ያዘዘው መድኃኒት ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ስለምታደርገው ርኅራኄ የንስሐ አባትዎ ይነግሩዎታል፤ ያለ እርሳቸው ምክር እኛ አንፈቅድም፥ አንከለክልምም። ሐኪም ያላዘዘው ክኒን ከሆነ ግን ለጾም ያለዎትን ጥያቄ ያህል ለገንዘብዎም ይጠይቁ፤ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ስንት ኪሎ ምስር ይገዛል?

እናታችን ሆይ፥ ባለቤትዎ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሁለቱንም ጠርሙሶች ይዘው ይሂዱና ያሳዩ። ደሙ ከመቼ ወዲህ እንደ ታየ፥ ምን እንደሚመስል፥ ሆዳቸው የሚደርቅበትና የሚላላበት ቀን ስንት እንደሆነ በወረቀት ይጻፉላቸው፤ ወንድ ልጅ በሐኪም ፊት ይህን መናገር ያፍራልና አብረው ይግቡ። አባታቸው «ነበረበት» የተባለው ኪንታሮት በሐኪም ታይቶ እንደ ነበረ ወይም በግምት እንደ ተባለ ይጠይቁና ለሐኪሙ ይንገሩ። ለልጅዎም ሲደውሉ ክኒን መላኩን ትቶ ለምርመራው ወጪ ቢረዳ እንደሚሻል ይንገሩት። ያላሰብነው ነገር ተገኝቶ ነቀርሳ ቢሆን፥ ልጅዎና ወንድሞቹ፥ እኅቶቹም ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ ኮሎኖስኮፒ መታየት ይገባቸዋል። ውጤቱን እንዳወቁ ይጻፉልን፤ ደብዳቤዎን እንጠብቃለን።